ተነሱ ካላችሁ

እንነሳለን። አንዲት ቃል ናት፤ ስትጻፍ ግማሽ መስመር አትሞላም፣ ስትነገር አንድ ትንፋሽ አትፈጅም፣ እሱን ግን ይኸው ሦስት ቀን ዓይኑን እንዳይከድን አድርጋዋለች። ቀትር ነው። አሞኛል ብሎ ከሥራ ቀርቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያውን ያያል። መጋረጃው ስስ ስለሆነ ብርሃኑ እንደልቡ ይገባል፣ እንቅልፍ ቢመጣም በዚህ ብርሃን ተሸማቅቆ ይመለስ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ያለችው የአከራዩ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ትንቀጠቀጣለች፤ እሷ በተንቀጠቀጠች ቁጥር አልጋው ይርዳል፣ ወይም የሚርደው አልጋው ሳይሆን እሱ ነው፣ ለይቶ መናገር አይችልም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የነፋስ ማማውን ሥራ የሚያጸድቀው ቦርድ ይሰበሰባል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጃቸውን ያወጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ አለቀ። አሁን ስድስት ተኩል ነው። አሁን ስድስት ከሠላሳ ሁለት ነው። ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦታል፣ አንዴ ያነሳዋል፣ አንዴ ይመልሰዋል፣ ይደውላል፣ ሳይጠራ ይዘጋዋል፤ ፈሪ ነህ ይላል ራሱን፣ አዎ ፈሪ ነኝ ይላል መልሶ፣ የፈሪ እናት ልጇን በሕይወት ታገኛለች፣ እሱ ግን እናትም የለው።

ሥራው መስማት ነው። ሌላው አናጢ ይሆናል፣ ሌላው ነርስ ይሆናል፣ እሱ ሰሚ ሆነ። እዚህ የሰው አገር፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በእነሱ ቋንቋ “ጆሮ” ነው የሚሉት፣ ሲስቁበት ይሁን ሲያከብሩት እስካሁን አልገባውም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ሩቅ አገር የተቀዳ የስብሰባ ድምፅ እየሰማ፣ የተባለውን በእነሱ ቋንቋ ይጽፋል። ይህ አገር ከሰል ማንደድ ይቅርብኝ ብሎ ምሏል። ፓርላማው አዋጅ አውጥቷል፤ በዚህ ዓመት ይህን ያህል የከሰል ጣቢያ ይዘጋል፣ በምትኩ ንጹህ ኃይል እንተክላለን፣ እዚህ ቦታ ሲጠበን ደግሞ ሌላ አገር ኮረብታ ላይ የነፋስ ማማ አስተክለን እንደ ራሳችን እንቆጥረዋለን የሚል አዋጅ። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ “ለእናንተ ንጹህ ይሁን ተብሎ የድሃ ቤት ይፈርሳል?” ብሎ ጮኸ። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በመጨረሻ አንድ አንቀጽ ላይ ታረቁ፤ ነዋሪው በገዛ አፉ እሺ ካላለ አንድም ማማ አይቆምም። በገዛ አፉ። ስብሰባው የሚቀዳው ለዚህ ነው፣ እሱም የተቀጠረው ለዚህ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የዚህ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያረፈውም ለዚህ ነው። እንግዲህ የነዋሪው አፍ እሱ ነው ማለት ነው።

ፋይሉ የመጣው ከአምስት ወር በፊት ነው። እንደ ደንቡ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ይሰማል፣ ከዚያ ፎርም ይሞላል፤ ከተናጋሪዎቹ መካከል የሚያውቁት ሰው አለ ወይስ የለም? አራተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና “ድምፅ ጨምሩበት እንጂ፣ እኔ ምንም አልሰማ” ብሎ አምባረቀ። ሁለተኛው ቃል ሳይደርስ አወቀ። አጎቱ ናቸው። የእናቱ ታላቅ ወንድም፣ ባለ ወፍጮው፣ አርባ ዓመት የወፍጮ ጩኸት ጆሯቸውን በልቶት ደህና አደራችሁ የሚለውን እንኳ እየጮኹ የሚናገሩት፣ እናቱ የሞተች ቀን የስድስት ዓመት ልጅ ከመሬት አንስተው እጃቸው ላይ ዱቄት እንዳለ ወደ ቤታቸው የወሰዱት። “አለ” ብሎ ቢሞላ ፋይሉ ተነጥቆ ለሌላ ይሰጣል። ስንት ዓመት በተቆራረጠ ስልክ ብቻ የሰማው ድምፅ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ለብቻው፣ ጆሮው ውስጥ መጥቷል፤ ማን ይሰጣል? ደግሞም ፈራ፣ ዘመድ አለው፣ ያደላል፣ ይጣራ ሊሉ ነው፣ ሲያጣሩ የመኖሪያ ወረቀቱን ሊያገላብጡ ነው፤ ምንም ጉድ የሌለው ወረቀት ሲገላበጥም ባለቤቱን ያልበዋል። ስለዚህ “የለም” የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ያሳደጉትን ሰው “የለም” አለ። ከዚያ ሰው ነኝ ብሎ ማዳመጫውን ደፍቶ ቁጭ አለ።

ሰብሳቢው ይናገራል። የልማት ተነሺ ይህን ያገኛል፣ የልማት ተነሺ ያን ያገኛል፣ ተነሺዎች ስማችሁን ታስመዘግባላችሁ፤ ተነሺ የሚለውን ቃል አንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ጽፎት ጣቱ ብቻውን ያውቀዋል። ከዚያ ሊሸጥ የታሰበው ነፋስ ራሱ መጣና ማይክሮፎኑ ላይ ተቀመጠ። ሹው፣ ሹው፣ ሹው፤ ሌላ ነገር የለም። ከነፋሱ ውስጥ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ይጠይቃል፣ የምትሰማው የመጨረሻዋ “ሱ” ብቻ ናት። ወዲያው አጎቱ፣ ከነፋስም በላይ መጮህ የሚችሉት፣ ጥርት ባለ ድምፅ “ተነሱ ካላችሁ እንነሳለን፣ ምን ችግር አለው” አሉ። ሳቅ። የወንበር መንኳኳት። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ያልተሰማውን “አልተሰማም” ብለህ ጻፍ፣ አትሙላ ይላል። እሱ ሞላ። ጥያቄውን “ከቦታችሁ ለመነሳት ፈቃደኛ ናችሁ?” ብሎ ጻፈ፣ መልሱን ከሥሩ ጻፈ። በእነሱ ቋንቋ ደግሞ ቤት ለቅቆ መሄድ የራሱ ቃል አለው፣ ከወንበር መነሳት ሌላ ቃል፣ በመንግሥት ላይ መነሳት ሌላ ቃል፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። የመጀመሪያውን መረጠ። መምረጡንም ልብ አላለውም፣ በዚያች ሰዓት አጎቱ እንዴት እንደሚስቁ እየሰማ ነበር፣ ፊቱ ላይ እንባ ነበር፣ ቀጥሎ ያለውን ሊሰማ ቸኩሎ ነበር።

ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ይሞላል። ሞተሩ ሲያጓራ የሰው አፍ ይከፈታል ይዘጋል እንጂ ቃል አይወጣውም፤ ልጅ ሆኖ የባለ እህሉን ከንፈር እያየ፣ የከረጢቱን መጠን እያየ፣ ደቀቅ ይበል ያለውን ሻከር ይበል ካለው ይለያል፣ አጎቱም “ይሄ ልጅ ያልተባለውን ይሰማል” እያሉ ለሰው ያወሩለታል። አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳተ። ሴትዮዋ “አትፍጨው” አለችው፣ እሱ “ፍጨው” ብሎ ሰማ፣ ለዘር የተቀመጠ እህል ነበር። አሁንም ጭንቅላቱ ውስጥ ያ እህል በወፍጮው አፍ ጠባብ ቀዳዳ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ሴትዮዋ እጇን እያርገበገበች ትሮጣለች፣ እሱ ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቅላታል፣ ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። አጎቱ አልመቱትም። ከራሳቸው ጎተራ ሰፍረው ሰጧትና “ዱቄት ተመልሶ እህል አይሆን፣ ምን ይደረግ” አሏት። የዚያን ቀን ቢመቱት ይሻል ነበር፣ ዛሬ ጣሪያ እያየ እንዲህ ያስባል፣ ቢመቱት ኖሮ ይማር ነበር።

ከዛሬ ሦስት ቀን በፊት፣ በምሳ ሰዓት፣ የመሥሪያ ቤቱ ምግብ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ የኃይል ሚኒስትሩ ፓርላማ ፊት ቆመዋል፣ ተቃዋሚዎቹ ይጮኹባቸዋል። ሚኒስትሩ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙና፣ የተከበረው ምክር ቤት እነዚህን ሰዎች አስገድዳችሁ ይለናል፣ እስቲ ራሳቸውን እንስማ፣ አንድ ሽማግሌ ባለ ወፍጮ ምን አለ መሰላችሁ አሉ። አነበቡት። እሱ የጻፈውን፣ እሱ በመረጣት ቃል፣ አንድም ሳያጎድሉ። የምክር ቤቱ ግማሽ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አጎቱ በዚያች ደቂቃ ፊታቸው ዱቄት ለብሶ የሰው እህል ሲፈጩ፣ ባሕር ማዶ ቤታቸው በጭብጨባ ይወሰዳል። አጠገቡ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባው “ያንተ አገር ሰዎች ደጎች ናቸው” አለችው። አዎ አላት። ሹካውን አስቀምጦ ምግቡን ሳይጨርስ ወጣ። ሰማንያ ገጽ ውስጥ አንድ መስመር ናት፣ ማን ያያታል ብሎ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይቺ ደግሞ ከአጎቱም አፍ አልወጣችም፣ ከእሱ ጣት እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ቅጂውን አርባ ጊዜ ሰምቶታል። አርባ ጊዜ ነፋስ፣ አርባ ጊዜ “ሱ”፣ አርባ ጊዜ ወንበር። ቤቱን ለቆ ለመሄድ የተስማማ ሰው እንዲህ ይስቃል? ምናልባት ተናደው ነው፣ ተነሱ ካላችሁን ስብሰባውን ጥለን እንነሳለን ማለታቸው ነው፣ ለዚህ ነው ወንበሩ የተንኳኳው፣ እንግዲያው እንቢታቸውን እሺታ አድርጎ ጽፏል ማለት ነው። ወይስ ከቤታችን ተነሱ ካላችሁ እኛም እንነሳባችኋለን ማለታቸው ነው? አጎቱ ነገር በቀልድ ሸፍነው መወርወር ያውቃሉ። ተሳስቻለሁ ብሎ ቢናገር ቅጂው ለሁለተኛ ሰሚ ይሰጣል፤ ያ ሰው ማዳመጫውን ደፍቶ፣ አጎቱን ሳያውቅ፣ ሳቃቸውን ሳያውቅ፣ ሦስተኛውን ቃል ቢመርጥስ? ሪፖርቱ ላይ “ነዋሪው እናምፃለን ብሏል” ተብሎ ቢጻፍስ? ሪፖርቱ ወደዚያ አገርም ይላካል። በማግስቱ ጠመንጃ የያዘ ሰው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ “ተነሱ ያልከው አንተ ነህ?” ቢላቸው፣ እሳቸው ደግሞ አይሰሙ፣ “እ? እ?” እያሉ ጆሯቸውን ሊያስጠጉ ነው። በአንሶላው ላቡን ይጠርጋል። ዝም ቢልስ? ዝም ካለ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጅ ይወጣል፣ በክረምቱ ማብቂያ ዶዘር ይመጣል። ደግሞ እትዬ አለች፣ የአጎቱ ሚስት፣ የማገዶ ጭስ ሳንባዋን ጨርሶት አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳትስል የማትጨርሰው፣ በደወለ ቁጥር “መብራት መቼ ነው የሚገባው አሉ እናንተ ጋ?” የምትለው፣ እዚህ ስለሚኖር መብራቱን እሱ የሚልከው የሚመስላት። ነፋሱ ክፉ ነገር አይደለም፣ እሱም ያውቃል፣ ከሰል ሲነድ የምትከፋው ሰማይ የሁሉም ናት። እሱ ተናግሮ ሥራው ሁሉ ቢፈርስ፣ እትዬ በጭስ እያሳለች ብትቀር፣ ያንንስ ማን ይሸከማል?

ባለፈው ወር ደውሎ ነበር። በዙሪያ ጥምጥም፣ እንደ ሌባ፣ “ነፋሱ እንዴት ነው ጋሼ?” አለ። “ነፋሱ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል” አሉ አጎቱ እየጮኹ። “ሊወስዱት መጥተው ነበር፣ ይውሰዱት፤ እኛን ጉንፋን ከማስያዝ ሌላ ምን ሠራልን?” ሳቁ። እሱም ሳቀ። ምን አላችኋቸው ብሎ መጠየቅ ያን ጊዜ ነበር፣ አፉ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጠው። ለምን ጠየቅከኝ ቢሉትስ? ከየት ሰማህ ቢሉትስ?

ሰባት ተኩል ሆኗል። ማሽኗ ሥራዋን ጨርሳ ቆማለች፣ ክፍሉ ጸጥ ብሏል፣ መርዳቱ ግን አልቆመም፣ እንግዲህ እሱ ነው። ቁጭ ይላል። ስልኩን ይዟል፣ ቁጥሩን ጣቱ ነክቶታል፣ ይጠራል። አትንሳ፣ አትንሳ ይላል በልቡ፣ የአጎቱ ስልክ ሁልጊዜ ባትሪ የለውም፣ ዛሬም አይኑረው።

“ሃሎ! ማን ነው?”

ከኋላቸው ወፍጮው ያጓራል። “እኔ ነኝ ጋሼ።”

“ዱቄቴ! ደህና ነህ? በዚህ ሰዓት ሥራ የለህም እንዴ?”

“አለ… አሞኝ ነው። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ጊዜ፣ የነፋሱ ሰዎች የሰበሰቧችሁ ቀን…”

“እ?”

“የነፋሱ ስብሰባ ቀን። ‘ተነሱ ካላችሁ እንነሳለን’ ብለው ነበር። ምን ማለትዎ ነበር?”

“ምን አልክ? ማን ተነሳ?”

ደግሞ ጠየቀ። ደግሞ “እ?” አሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ እንደ ሕፃን ሆነ። አጎቱ ቃሉን ባይሰሙትም ይህችን ሰሟት መሰል፣ “ጠብቅ” አሉ፣ “ጠብቅ፣ ወፍጮውን ላጥፋና በደንብ ልስማህ።” እህል አፉ ላይ እያለ፣ ሰው ተሰልፎ ቆሞ፣ አጎቱ ወፍጮ ሲያጠፉ በዕድሜው አላየም። ጩኸቱ እየወረደ፣ እየወረደ፣ ሄደና አለቀ። ከዚያ ወዲያ በስልኩ ውስጥ የአጎቱ ትንፋሽ ብቻ አለ።

“በል፣ አሁን ንገረኝ።”

ነገራቸው። ጥያቄውን ብቻ።

“እሱማ ፎቶ ነው” አሉ አጎቱ። “አንዲት ካሜራ የያዘች ልጅ መጣችና ‘ፎቶ ተነሱ’ አለችን። ተነሱ ካላችሁ እንነሳለን፣ ምን ችግር አለው አልኳት። ወንበሩን ወደዚያ ገፋ አድርገን ተሰልፈን ተነሳን። እኔን መሃል አቆሙኝ፣ ምን ቢያዩብኝ ነው እንጃ። ምነው? ፎቶው መጣ እንዴ?”

ፎቶ። ሦስት ቀን ሙሉ ሦስት ትርጉም ሲያገላብጥ አራተኛው አልታየውም። መሳቅ አማረው፣ ከሳቁ በፊት ግን ፍርሃቱ ቀደመው፣ “ስለ ቤቱስ ጋሼ? ስለ ወፍጮውስ? ከዚህ ትነሳላችሁ ወይ ሲሏችሁ ምን አላችሁ?”

“እሱን መቅጃቸውን አጥፍተው ሲያበቁ ሌላ ቀን መጥተን እንጠይቃችኋለን ብለውን ሄዱ። ነፋሱ በረታ፣ ወረቀታቸውን ሁሉ በተነባቸው። ይኸው እየጠበቅን ነው። ሰው እኮ አስቦበታል። እትዬህ መብራቱን ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ ማማውን ከወፍጮው ትንሽ ፈንጠር አድርጉት ልላቸው ነው። ሲመጡ እንነጋገራለን።”

አይመጡም ጋሼ፣ አለ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ፤ ፎርሙን፣ ነፋሱን፣ የሞላውን መስመር፣ ሚኒስትሩን፣ ዘጠኝ ሰዓትን። ሲጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መሰለው። በሩቅ አንድ ሰው “ምን ሆነው ነው ያጠፉት?” ብሎ ሲጠይቅ ይሰማል። አጎቱ ሲናገሩ እየጮኹ አልነበረም፤ ዝግ ባለ ድምፅ ሲናገሩ እንዲህ እንደሚሆኑ እስከዛሬ አያውቅም ነበር፣ የሌላ ሰው ድምፅ ነው፣ የሽማግሌ።

“ያነሳኸን አንተ ነህ በለኛ።”

“አዎ ጋሼ።”

“ያልሰማኸውን ለምን ጻፍክ፣ ልጄ?”

ያልተባለውን የሚሰማ ልጅ አሁን የተባለውንም መስማት አቃተው። እየሰደቡት ቢሆን ይሻለው ነበር። ብናገር ከሥራ ያስወጡኛል፣ ከሥራ ካስወጡኝ ከዚህ አገር ያስወጡኛል ሊል አፉን ከፈተና አፈረ፤ ለማን ነው የሚናገረው፣ ከቤት ለሚወጣ ሰው ነው?

“በል እንግዲህ” አሉ አጎቱ፣ “ያነሳኸንን መልሰህ አስቀምጠን። ሲጠይቁን ራሳችን እንናገራለን፣ አፍ አለን።” ከዚያም በለመዱት ጩኸት ሳይሆን በዚያው በዝቅተኛው ድምፅ፣ “ቢያባርሩህ ወፍጮው እዚሁ ነው” አሉና ዘጉት።

ስምንት ከሩብ። የአለቃውን ቁጥር ያወጣል። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፣ ክፉ ብትሆን ይቀለው ነበር፤ ወረቀቱ እንዲታደስለት ደብዳቤ የጻፈችለት እሷ ናት። መስኮቱ ሥር መንገዱ ላይ ሰዎች ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ አንዳቸውም አይቸኩሉም፣ እሱም ነገ ከነሱ መካከል ይሁን አይሁን አያውቅም። ይጠራል። ታነሳለች። ተሻለህ ወይ ትለዋለች። አልተሻለኝም ይላታል፣ የባለ ወፍጮው መስመር ስህተት ነው ይላታል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አስቁሙት ይላታል፣ አንደበቱ ይንተባተባል፣ የእነሱ ቋንቋ አፉ ውስጥ ጠጠር ሆኖበታል።

“ቆይ” አለች፣ የወረቀት ድምፅ ይሰማል፣ “ስህተት መሆኑን በምን አወቅክ?”

“ደውዬ ጠየቅኳቸው።”

“ሰውየውን ታውቀዋለህ?”

“ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው።”

እሱ ክፍሉን ያያል፣ ሻንጣው ቁም ሣጥኑ ላይ ነው፣ ስንት ልብስ እንዳለው ይቆጥራል።

“ፎርሙ ላይ የለም ብለህ ፈርመሃል።”

“ዋሽቼ ነው።”

“ምን እንዳደረግክ ገብቶሃል? ሚኒስትሩ ናቸው እኮ ያነበቡት።” ትንፋሿ ይሰማዋል። “እሺ። አሁን ወደ ስብሰባው ልገባ ነው፣ አንድ ነገር ይዤ መግባት አለብኝ። ቤታችሁን ትለቃላችሁ ወይ ሲባል፣ አጎትህ በትክክል ምን ብለው መለሱ?”

“ምንም አልመለሱም” አለ። “ማንም አልጠየቃቸውም።”